መሮጥ ብቻውን ወታደር አያደርግም

ወታደር ለመሆን የሚዘጋጅ ወጣት ምን ይሰራል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው። ይሮጣል። ባሕር ዳር ላይ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎህ ሲቀድ በጣና ዳር፣ ወይም ወደ ቤዛዊት በሚወጣው አቀበት ላይ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ዱብ ዱብ የሚሉ ልጆች አይጠፉም። ከሩጫው በኋላ ትንሽ ፑሽ አፕ፣ ትንሽ ሲት አፕ፣ ከዚያ ቁጭ ብድግ። በቃ፣ ስፖርቱ አለቀ።

ልጆቹን መውቀስ አይቻልም። ያደጉት በሯጭ አገር ነው። አበበ ቢቂላ ራሱ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ወታደርነትና ሯጭነት በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ። ማሞ ወልዴም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ስለዚህ «ጠንካራ ወታደር» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቀጭን፣ ትንፋሹ የማያልቅ፣ አቀበት የማይበግረው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ውጊያ ላይ ያለ ወታደር በአካሉ ምን እንደሚሰራ እናስብ። ትጥቁን ተሸክሞ ለሰዓታት ይጓዛል። ተኩስ ሲከፈት መሬት ላይ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ሃያ ሠላሳ ሜትር በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ይሸፈናል፣ እንደገና ይወድቃል። በደረቱ ይሳባል። ምሽግ ይቆፍራል። የጥይት ሳጥን አንስቶ መኪና ላይ ይጭናል። ጓደኛው ሲቆስል ከነትጥቁ ጎትቶ ያወጣዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ማነጣጠር፣ በሬዲዮ በትክክል መናገር፣ ወገንን ከጠላት መለየት አለበት። በቁምጣና በሸራ ጫማ፣ በባዶ ትከሻ፣ ፍጥነቱን ሳይቀያይር አምስት ኪሎ ሜትር የሚሮጥበት ውጊያ የለም።

እኔ የምለው አጭር ነው። የወታደር የአካል ብቃት ስልጠና መነደፍ ያለበት ከስራው ተነስቶ ነው። ስልጠናው ደግሞ ሰውን እየገነባ እንጂ እየሰበረ መሄድ የለበትም።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ሆኜ ነው። እዚህ ስለ ወታደርና ስለ ውጊያ ማውራት ቀላል አይደለም። ያለፉት ዓመታት የብዙ ሰው ቤት አንኳኩተዋል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ስለ ጦርነቱ አልፈርድም። የማወራው ዩኒፎርም ስለሚለብሰው ልጅ ጉልበት፣ ወገብና ቅልጥም ነው። ያ ልጅ ጥይት ሳይተኮስ ማሰልጠኛ ውስጥ ተሰብሮ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ማንም አይጽፍለትም። ነገሩ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

የስልጠናው ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ትልልቅ የሚባሉት ጦሮችም በዚሁ እየተጨቃጨቁ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ወታደሩን የሚመዝነው በሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ሁለት ደቂቃ ፑሽ አፕ፣ ሁለት ደቂቃ ሲት አፕ፣ ከዚያ የሁለት ማይል ሩጫ፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር። ቀላል ነው፣ ዕቃ አይፈልግም፣ ሺህ ሰው በአንድ ጠዋት ይፈተናል። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን በኋላ ግን ይህ ፈተና ስለ ውጊያ ብዙም እንደማይናገር ግልጽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ስድስት ዓይነት ያለው አዲስ ፈተና በይፋ መመዘኛ ሆነ። ከመሬት ከባድ ብረት ማንሳት ገባ። ኳስ ወደ ኋላ መወርወር ገባ። ሮጦ፣ ጎትቶ፣ ተሸክሞ መመለስም ገባ። በ2025 ደግሞ እንደገና ተከለሰ። ውርወራው ወጣ፣ አምስቱ ቀሩ፣ በ21 የውጊያ ሙያዎች ላይ ላሉት ለወንድም ለሴትም አንድ መስፈርት ተቀመጠ።

ከአምስቱ ውስጥ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። ወታደሩ መሬት ላይ ተኝቶ ይጀምራል። ተነስቶ 25 ሜትር ሄዶ ይመለሳል፣ በሙሉ ፍጥነት። ከዚያ 41 ኪሎ የሚሆን መንሸራተቻ ወደ ኋላ እየሄደ ይጎትታል። ከዚያ ጎን ለጎን ይሮጣል። ከዚያ በእያንዳንዱ እጁ 18 ኪሎ ብረት ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ እንደገና ይሮጣል። በጠቅላላው 250 ሜትር ነው። ጎበዝ የሆነ ሰው በሁለት ደቂቃ አካባቢ ይጨርሰዋል። ሲጨርስ ግን እግሩ አይታዘዘውም። አምስት ኪሎ ሜትር ያለ ችግር የሚሮጥ ልጅ እዚህ ላይ ሦስተኛው ዙር ሳይደርስ ሲንገዳገድ ይታያል። ሩጫው የገነባለት ሞተር ለረዥም መንገድ ነው። ይኼኛው የሚጠይቀው ሌላ ነው።

የእንግሊዝ ጦርም በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ለእግረኛ ወታደር ባወጣው ፈተና ውስጥ ሸክም ይዞ መጓዝ፣ ቁስለኛ መጎተትና ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ መሄድ አለ። ጀሪካን! እኛ አገር እያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ያ ቢጫው ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው። ብረት የሚገዛበት በጀት የለም የሚል ማሰልጠኛ ካለ፣ ብረቱ ጓሮው ውስጥ ተቀምጧል።

ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕና ሩጫ አንድ የጋራ ባህርይ አላቸው። ሦስቱም የሚያደሉት ለቀላል ሰው ነው። የምታነሳው የራስህን ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጭን ከሆንክ ትበልጣለህ። ትጥቅ ግን ኪሎህን አይጠይቅም። እናስላው። አንድ ክላሽ ከነካዝናው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ሠላሳ ጥይት የያዘ ካዝና ስምንት መቶ ግራም ያህል ስለሚመዝን አራት ትርፍ ካዝና ከሦስት ኪሎ በላይ ይሆናል። ሁለት ሊትር ውሃ ሁለት ኪሎ ነው። ስንቅ፣ የእጅ ቦምብ፣ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ለመትረየስ ተኳሹ የሚታገዝ ሰንሰለት ጥይት። ሃያ አምስት ኪሎ ሳይታሰብ ይሞላል። ይህ ለ80 ኪሎ ሰው የክብደቱ 31 በመቶ ነው። ለ55 ኪሎ ልጅ ደግሞ 45 በመቶ ነው። የአሜሪካ ጦር የቆየ መመሪያ የውጊያ ሸክም ከሰውነት ክብደት 30 በመቶ፣ የጉዞ ሸክም ደግሞ ከ45 በመቶ ባይበልጥ ይላል። ያ ቀጭን ልጅ፣ በሩጫው አንደኛ የወጣው፣ ውጊያውን የሚጀምረው ለጉዞ እንኳ የመጨረሻ በተባለው ወሰን ላይ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የእኛ ልጆች ከሩጫው ይልቅ የሚጎድላቸው ጉልበት ነው። የእግር፣ የወገብ፣ የጀርባና የእጅ ጭብጥ ጉልበት።

ጉልበት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ቅዳሜ ገበያ ይሂድ። ኩንታል የሚያወርዱትን ተሸካሚዎች ቆም ብሎ ይመልከት። ሰውየው ከረጢቱ ስር ሲገባ ጉልበቱን ያጥፋል እንጂ ወገቡን አያጎብጥም። አየር ወደ ሆዱ ይስብና ይይዛል። ከረጢቱ ማጅራቱና ትከሻው ላይ በደንብ ካረፈ በኋላ ነው የሚነሳው፣ ያውም በእግሩ። እርምጃው አጭርና ቶሎ ቶሎ ነው። ዓይኑ መሬቱን ሳይሆን ፊት ለፊቱን ያያል። ሲያወርድም አይጥለውም፣ ቁጭ ብሎ ያስረክበዋል። ይህ ሰው ጂም ገብቶ አያውቅም። የሚሰራው ግን የስፖርት አስተማሪ በወራት የሚያስተምረው ነገር ነው። አንድ ማሰልጠኛ እንዲህ ያለ ሰው አምጥቶ ምልምሎቹን «እንዲህ አንሱ፣ እንዲህ አውርዱ» እንዲላቸው ቢያደርግ፣ ስንት ወገብ ይተርፍ ነበር!

ሌላው የሚረሳው መሳብ ነው። ፑሽ አፕ መግፋት ነው። ማሰልጠኛ ውስጥ መግፋት ሞልቶ ተርፏል። ግድግዳ ላይ ለመውጣት፣ ገመድ ለመያዝ፣ ቁስለኛ ለመጎተት የሚያስፈልገው ግን ጀርባና ክንድ ነው። ከዘጌ ማዶ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ጀርባ ላይ የምታዩት ጡንቻ የዚህ ውጤት ነው። ለዚህ ደግሞ የብረት ዘንግ ወይም ጠንካራ የዛፍ ቅርንጫፍ ይበቃል።

ቁስለኛ ስላልኩ የቃኘው ሻለቃን ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የደረሱት ኢትዮጵያውያን የተዋጉት ተራራማና ቀዝቃዛ አገር ላይ ነው። ከዚያ ዘመቻ እስከ ዛሬ በክብር የሚነገረው አንድም ምርኮኛ አለመስጠታቸውና የወደቀ ጓዳቸውን ጥለው አለመመለሳቸው ነው። ስለ ወኔያቸው ብዙ ተብሏል፣ ይገባቸዋልም። ነገር ግን የወደቀን ሰው ከቁልቁለት ላይ በሌሊት ማውረድ ወኔ ብቻ አይደለም። ሰባ ኪሎ ሰው ከነትጥቁ ሰማንያ ዘጠና ይሆናል። እየተንሸራተተ፣ እየደማ። ይህን የሚችል ጭብጥና ወገብ ቀድሞ የተሰራ መሆን አለበት። በእቅድ ካልተሰራ በዕለቱ ከየት ይመጣል?

እሺ፣ ከስራው እንነሳ አልን። ታዲያ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ሳምንት ምልምሉን ሙሉ ትጥቅ አስይዞ ተራራ ያውጣው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ገበሬ ወይፈን ሲገራ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጥማድ አያውለውም። ቀንበሩን ያለማምደዋል፣ ከደህና በሬ ጋር ያጣምረዋል፣ ትንሽ ያርስበትና ይፈታዋል። ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ለወይፈን የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሰው ልጅ መንፈግ ምን ይባላል?

ምክንያቱ አጥንት ውስጥ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለመዳሉ። በሦስት አራት ሳምንት ትንፋሽ ይሻሻላል። ጡንቻም ይከተላል። አጥንትና ጅማት ግን ቀርፋፋ ናቸው። አጥንት አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያደርገው አሮጌውን ክፍል መንቀል ነው። ያ በሳምንታት ይከናወናል። በምትኩ አዲስና ጠንካራ አጥንት ለመትከል ግን ወራት ይፈልጋል። በመካከሉ አጥንቱ ከበፊቱ የሳሳ ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት ትንፋሹ ተሻሽሏል፣ ስሜቱ ሞቋል፣ አሰልጣኙም «አሁን ለምደዋል፣ ጨምር» ይላል። ቅልጥሙ ወይም የእግሩ መዳፍ አጥንት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ከረዥም ጉዞ በኋላ እግራቸው የሚያብጥና የሚያማቸውን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1855 መዝግቧል። ራጅ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላም ያው ስብራት በዓለም ማሰልጠኛዎች ሁሉ አለ። እኛ ጋ ልጁ «ቅልጥሜን አመመኝ» ሲል «ሰነፍ» ይባላል። ወይም ወጌሻ ጋ ሄዶ ይታሻል። ወጌሻን አልንቅም፣ ለወለምታና ለውልቃት ስንቱን ያዳኑ ናቸው። የተሰነጠቀ አጥንት ግን መታሸት ሳይሆን እረፍት ነው የሚፈልገው። ምልክቱ ቀላል ነው። ሕመሙን በአንድ ጣት ጫፍ መጠቆም ከተቻለ፣ ሲራመዱ ከባሰ፣ ሌሊትም ካልተወ፣ ያ ልጅ ከሩጫው ይውጣና ሐኪም ይየው።

መፍትሔው ደግሞ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ምልምሎች የሚሮጡት ጠቅላላ ርቀት በደንብ ሲቀነስ፣ የአጥንት ስንጥቁ በግማሽ ያህል ወረደ። የመጨረሻ የሩጫ ሰዓታቸው ግን ብዙም አልተበላሸም። እስራኤሎች ደግሞ የጉዞውን ድምር ቀንሰው ምልምሉ ቢያንስ ስድስት ሰዓት እንዲተኛ ሲያደርጉ ስንጥቁ ከግማሽ በላይ ቀነሰላቸው። እንቅልፍ! በእኛ ማሰልጠኛዎች ከሁሉ በፊት የሚቆረጠው እሱ ነው። በሌሊት ማስነሳት የጥንካሬ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ሌሊት መስራትን ማለማመድ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን በዓላማና በጥቂት ሌሊቶች ይሁን። በየሌሊቱ ከሆነ አጥንቱ መቼ ይጠገን?

የጫማ ነገርም አለ። ከገጠር የሚመጣ ልጅ ዕድሜውን በኮንጎ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ የኖረ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ ቡትስ አድርጎ አሥር ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ተረከዙ ይላጣል። የተላጠ ተረከዝ ያነክሳል፣ ማነከስ ጉልበት ያሳምማል፣ ጉልበት ወገብ። ቡትሱ ለሁለት ሳምንት ያህል በግቢ ውስጥ፣ በሰልፍና በትምህርት ሰዓት ይለመድ። ሩጫው በሸራ ጫማ ይሁን። ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሰልፉም አቀማመጥ እንዲሁ። ረጃጅሞቹ ፊት ሆነው ሲመሩ፣ ከኋላ ያለው አጭር ልጅ እርምጃቸውን ለመያዝ ከአቅሙ በላይ ይዘረጋል። ሴት ምልምሎች ላይ ይህ ይብሳል። በአንድ ዓይነት ስልጠና ውስጥ የአጥንት ስንጥቅ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ እንደሚበዛ በተደጋጋሚ ታይቷል። አጫጭሮቹን ወደ ፊት ማምጣት፣ ለሩጫ ደግሞ ምልምሉን በአቅሙ በሦስት በአራት ቡድን መክፈል በቂ ነው። ደካማው ሳይሰበር ያድጋል፣ ጎበዙም የሚገባውን ያህል ይፈተናል።

አሁን ወደ ቅጣት። «ሃምሳ ፑሽ አፕ ውረድ!» «መቶ ቁጭ ብድግ!» ይህ ባህል ሆኗል። ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ አሰልጣኙ ያቀደው የሳምንት ጫና በሌላ አለቃ ቁጣ ይፈርሳል። ሁለተኛው ከባድ ነው። ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ቁጭ ብድግ ሲሰራ ጡንቻው ይፈራርስና ፍርስራሹ ወደ ደም ይገባል። ኩላሊት ያንን ማጣራት ያቅተዋል። ሽንቱ እንደ ኮካ ይጠቁራል። ይህ የሚገድል ነገር ነው። በማግስቱ ጭኑ የተወጠረና ሽንቱ የጠቆረ ምልምል ያየ አለቃ አንድ ደቂቃ ሳያባክን ሐኪም ቤት ያድርሰው። ዲሲፕሊን በሌላ መንገድም ይመጣል። መጸዳጃ ማጽዳት አለ፣ እንጨት መፍለጥ አለ፣ ጥበቃ መቆም አለ።

ታዲያ እቅዱ ምን ይመስል? አሥራ ሁለት ሳምንት አለን እንበል። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ትልቁ ስራ እንቅስቃሴ ማስተማር ነው፦ ማንሳት፣ መሸከም፣ መሳብ፣ መውደቅና መነሳት። በሳምንት ሁለት ቀን ቀላል ሩጫ፣ እያወሩ የሚሮጡት ዓይነት። በሳምንት አንድ ቀን ከአሥር ኪሎ ባልበለጠ ሸክም አራት ኪሎ ሜትር ጉዞ፣ ሜዳ ላይ። ሰው ላይ ላዩን ሲያየው ቀላል ይመስለዋል። ይምሰለው። በዚህ ጊዜ እየተሰራ ያለው ዓይን የማያየው አጥንት ነው።

በመካከለኛዎቹ ሳምንታት ጀሪካኑ፣ የአሸዋ ከረጢቱና ቃሬዛው ይመጣሉ። ከሩጫው አንዱ ቀን ወደ አጭርና ፈጣን ይቀየራል፤ ሠላሳ ሜትር ሮጦ መውደቅ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ እንደገና መነሳት፣ ስምንት ዙር ያህል። ሸክሙ ወደ አሥራ አምስት ኪሎ፣ ርቀቱ ወደ ስድስትና ስምንት ኪሎ ሜትር ያድጋል። የሸክም ጉዞ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን አንዴ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ትርፉ ትንሽ ጉዳቱ ብዙ ነው። ክብደት፣ ርቀት፣ ፍጥነትና አቀበት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንድ ሳምንት ከአራቱ አንዱ ብቻ ይጨመራል። በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሁሉም ቀነስ ይላል።

ስለ አቀበት አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችንም ወደ ቤዛዊት መውጣቱን እናደንቃለን። ጉልበትን የሚጎዳው ግን መውረዱ ነው። ሸክም ይዞ ቁልቁል ሲሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ጭንና ጉልበት ላይ ከክብደቱ እጥፍ በላይ ያሳርፋል። ልጆች ከወጡ በኋላ እየተንደረደሩ ሲወርዱ ሳይ ልቤ ይሰጋል። ሸክም ያለው ሰው ሲወርድ ይራመድ፣ እርምጃውን ያሳጥር።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነገሮችን ማጋጠሚያ ናቸው። ምልምሉ ተጉዞ ይመጣል፣ ወዲያው ሮጦ ይወድቃል፣ ጓደኛውን ሃምሳ ሜትር ይጎትታል፣ ከዚያ ልቡ እየመታ ይተኩሳል። ወይም መልእክት ተቀብሎ ሳያዛባ ያስተላልፋል። ልብ በኃይል ሲመታ ጣት ይከዳል፣ ዓይንም አንድ ነጥብ ላይ ይቀራል። ይህን በውጊያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይደናገጣል። በልምምድ የሚያውቀው ሰው ግን ሁለት ጊዜ በረዥሙ አስወጥቶ ይተነፍስና ያነጣጥራል። እዚህ ላይ ነው ያ ሁሉ ላብ ትርጉም የሚያገኘው። «በሰላም ጊዜ ብዙ ላብ፣ በጦርነት ጊዜ ጥቂት ደም» ይባላል። ትክክል ነው፣ ላቡ ለስራው የሚሆን ላብ ከሆነ።

ምግቡን ሳናነሳ ብናልፍ እቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። በእኛ አካባቢ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙው ምልምል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። ሙስሊሙም ረመዳን አለው። ከውጭ የተቀዳ እቅድ ይህን አያውቅም። በጾም ሰሞን ከባዱን የጉልበት ስራ ጠዋት ላይ አድርጎ ለሰዓታት በባዶ ሆድ ማዋል ስልጠና አይደለም። ከባዱ ስራ ወደ ከሰዓት ይሂድና ከምግቡ ጋር ይጠጋጋ። ጠዋት ትምህርትና ቀላል እንቅስቃሴ ይሁን። የሸክም ጉዞ ጨምሮ አዲስ ጫና የሚጀመርበት ሳምንት ከጾሙ መግቢያ ጋር አይግጠም። ከባድ ስልጠና ላይ ያለ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይጠቅመዋል፣ ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ሃያ አራት ግራም አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ ቀጠን ያለ ሽሮ በአንድ ጭልፋ አይበቃም። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ኑጉና ተልባው በዛ ብሎ መቅረብ አለበት። እንጀራውም ቆጠብ አይበል።

የአገሩ አየርም የእቅዱ አካል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት ፀሐዩ ይከብዳል። አዲስ የመጣ ሰው ሙቀቱን ለመልመድ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈልጋል። ውሃ አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል፣ ግን በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ማጠጣትም የደምን ጨው አቅጥኖ ሊገድል ይችላል። አንዳንድ አለቃ ሁለቱን ጫፍ ይረግጣል፣ ወይ ውሃ ይከለክላል ወይ «ጨርሰው!» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ሐይቁም ያጓጓል። ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ መሮጥ ለጉልበት ይመቻል የሚል ሐሳብ ይነሳል። ለጉልበቱስ ይመቻል፣ የጣና ዳርቻ ግን ቢልሃርዚያ አለበት። ጉማሬም አለ። ውሃ ውስጥ ካልገባን የሚል ካለ መድኃኒቱንና ምርመራውን አብሮ ያቅድ። ከወባ የተነሳ ልጅም ትኩሳቱ ስለለቀቀው ብቻ በማግስቱ ወደ ሸክም አይመለስ፣ ደሙ ገና አልተተካም።

«ጦርነት ምቾት አያውቅም፣ ወታደርን አታሞላቅቁት» የሚሉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸው ብዙ ያዩ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። እኔ ስልጠናው ይቅለል አላልኩም። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ምልምል ከላይ በጻፍኩት መንገድ ከመጣ፣ ድሮ ከሚሮጠው ልጅ የበለጠ ይሸከማል፣ የበለጠ ይጎትታል፣ ድካም ላይ ሆኖ የተሻለ ይተኩሳል። የሚለየው እዚያ የሚደርስበት መንገድ ነው። ከመቶ ምልምል ሠላሳው አንክሶ ቢወጣና የቀሩት ሰባዎቹ ቢጠነክሩ፣ ያ ስልጠና ጠንካራ ሰዎችን መረጠ እንጂ አላጠነከረም። ሠላሳዎቹም ከእኛው ቤት የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ በጥሩ እቅድ ጥሩ ወታደር ይሆኑ ነበር።

ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ምልምሉ በገባበት ሳምንት አንዴ፣ በመጨረሻው ሳምንት አንዴ ይለካ፦ ሁለት ጀሪካን ይዞ ስንት ሜትር ሄደ፣ ሰባ ኪሎ ሰው በስንት ሰከንድ ሃምሳ ሜትር ጎተተ፣ ዘንግ ላይ ስንት ጊዜ ተሳበ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በስንት ሮጠ። በመካከሉ ደግሞ አንድ ተራ ደብተር ይኑር። ማን ምኑን አመመው፣ በየትኛው ሳምንት፣ ምን ሲሰራ፣ ስንት ቀን ከስልጠና ቀረ። የየምድቡ አለቃ በየማታው ይሙላው፣ ሐኪሙና የስፖርት አሰልጣኙ በየሳምንቱ አብረው ያንብቡት። በአራተኛው ሳምንት ቅልጥም የሚለው ቃል ሲበዛ ካዩ፣ የአምስተኛውን ሳምንት ጉዞ ይቀንሱ።